የአዳማ ሸለቆ አለካክና ስለ ጎበጠው ጊዜ የሚነሣ ጥያቄ

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ ይኸውም በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በአዳማ፣ በመቂና በሻሸመኔ የፊዚክስን ትምህርት የሚያስተምር መምህር በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን የሚገጥመው ጥያቄ አለ። ጥያቄው በመማሪያው መጽሐፍ መልመጃ ውስጥ አይገኝም፤ በፈተናም አይመጣም። ተማሪው ስለ መሬት ስበት የተጻፈውን ሕግ ተምሮ ከጨረሰ በኋላ እጁን ያነሣና፣ «ስበት ማለት የቦታና የጊዜ መጉበጥ ነው ይባላል፤ እኛ ራሳችን በውስጡ እየኖርን መጉበጡን በምን እናውቃለን?» ይላል።

ጥያቄው ከተነሣ ወዲያ የሚሆነው እንደ መምህሩ ጠባይ ነው። አንዱ «ይህ ለከፍተኛ ትምህርት የሚቆይ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ሌላው ጥቁር ሰሌዳውን ጠርጎ ኳስ ይስልበታል፤ ሦስተኛው ደግሞ፣ «ለአገራችን የሚያስፈልጋት መንገድና ድልድይ የሚሠራ ሰው ነው እንጂ ስለ ጠፈር መጉበጥ የሚፈላሰፍ አይደለም» ሲል ይገሥጻል። ይህ ሦስተኛው መልስ በመምህራን ዘንድ ብቻ ሳይሆን በጽሕፈት ቤት በምንቀመጥ ሰዎችም ዘንድ የተለመደ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከታሪክ አንጻር መመርመር ተገቢ መስሎ ታይቶናል። ታሪኩን በመረመርነው ጊዜ፣ ጥያቄው ከዚያው ከመንገድና ከድልድይ ሥራ፣ ማለት ከምድር ልኬት የተወለደ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ከታሪኩም አንዱ ምዕራፍ የተጻፈው በአዳማ ዙሪያ በሚገኙት ጋራዎች ላይ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

ነገሩ የሚጀምረው ከመሬት ቅርጽ ነው። በሞጆ ሜዳ ላይ የቆመ ገበሬ ምድሩን ዝርግ አድርጎ ያያል እንጂ ጉብጠቱን አያይም። ሆኖም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ኤራቶስቴኔስ የተባለው የእስክንድርያ ሊቅ፣ የእኛው ዓባይ በሚያልፍባት በአስዋን ፀሓይ በአናት ላይ በምትሆንበት ዕለት በእስክንድርያ ጥላ መኖሩን ተመልክቶ የመሬትን ዙሪያ አስልቷል። ይህ ግን ወደ ሰማይ አንጋጦ፣ ፀሓይን ምስክር አድርጎ የተገኘ ዕውቀት ነው። የተማሪያችን ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል፤ ሰማይ ባይኖርስ፣ ከምድሩ ገጽ ቀና ማለት ባይቻልስ፣ ጉብጠቱ ይታወቃልን?

ለዚህ መልስ የሰጠው ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ ነው። ጋውስ በ1820ዎቹ ዓመታት የሐኖቨርን መንግሥት ምድር እንዲለካ ታዝዞ፣ ከተራራ ወደ ተራራ እያየ በሦስት ማዕዘን ሰንሰለት አገሩን ይለካ ነበር። ከነዚያም ሦስት ማዕዘኖች የታወቀው፣ ጎኖቹ 69፣ 85 እና 107 ኪሎ ሜትር ያህል የሆኑት፣ በብሮከን፣ በሆሄንሃገንና በኢንዘልስበርግ ተራሮች መካከል የተዘረጋው ነው። በዝርግ ሰሌዳ ላይ የሦስት ማዕዘን ማዕዘኖች ሲደመሩ 180 ዲግሪ ይሆናሉ፤ በጎባጣ ገጽ ላይ ግን ከዚያ ይበልጣሉ። በዚያ ሦስት ማዕዘን ላይ ትርፉ ወደ 15 የዲግሪ ሰከንድ ያህል ነው። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለው ርቀት ወደ 100 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ፣ እያንዳንዱ ጎኑ ያን ያህል የሆነ ሦስት ማዕዘን በአገራችን ብንዘረጋ ትርፉ 22 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። እጅግ ጥቂት ነገር ነው፤ ነገር ግን ይለካል። ጋውስ ይህን ሥራ ሲሠራ ቆይቶ በ1827 ያወጣው ድርሰት፣ የአንድ ገጽ ጉብጠት ከገጹ ሳይወጡ፣ በገጹ ላይ ርቀትንና ማዕዘንን በመለካት ብቻ እንደሚታወቅ አረጋገጠ። ሊቁ ራሱ ውጤቱን «ድንቅ» ብሎ ሰየመው። ልብ ብሎ ለሚያየው፣ ለአዳማው ተማሪ ግማሹ መልስ ከዚህ ላይ ተሰጥቷል።

ይህ ድርሰት ከወጣ ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1838፣ አንትዋን ዳባዲ የተባለ ፈረንሳዊ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በምጽዋ በር ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ብዙ የውጭ አገር መንገደኞች ወደ አገራችን መጥተዋል፤ አብዛኞቹ የጻፉት ያዩትንና የሰሙትን ነው። ዳባዲ ግን ማዕዘን መለኪያ መሣሪያውን ይዞ ከተራራ ወደ ተራራ እየወጣ፣ በየራሱ ላይ ሆኖ በዙሪያው የሚታዩትን ጫፎች አቅጣጫ እየመዘገበ አሥር ዓመት ያህል ደከመ፤ እስከ እናርያና እስከ ከፋ ድረስም ዘለቀ። በጊዜው በአገራችን የመሳፍንቱ ጦርነት ስለ ነበረ፣ እንደ ሐኖቨር ሰንሰለት ዘርግቶ በሰፊ ሜዳ መሠረተ ልኬት መጣል አይቻልም ነበር። ስለዚህ «ፈጣን የምድር ልኬት» የሚባለውን ዘዴ አበጀ። ውጤቱም «የኢትዮጵያ ጂኦዴዚ» በሚል ስም ከ1860 እስከ 1873 በፓሪስ ታተመ። ይኸው ሰው በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳትሟል፤ በፈረንሳይ ደቡብ በአንዳይ ከተማ አጠገብ ባሠራው ቤተ መንግሥት መሰል ሕንጻ ላይም እስከ ዛሬ የሚነበብ የአማርኛ ጽሕፈት አስቀርጿል። በሐኖቨር የተፈተነው የሦስት ማዕዘን ጥበብ ትንሽ ቆይቶ በእኛ ተራሮች ላይ መሥራቱን ማወቅ ለተማሪዎቻችን የሚጠቅም ይመስለናል፤ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ግን አይነገርም።

በዚህ መካከል የጋውስ ተማሪ የነበረው ቤርንሃርት ሪማን በ1854 በጎቲንገን ባደረገው ንግግር የመምህሩን ሐሳብ ከገጽ አውጥቶ ወደ ቦታ ራሱ አሻገረው። እኛ የምንኖርበት ባለ ርዝመት፣ ባለ ወርድና ባለ ከፍታ የሆነው ቦታ ሊጎብጥ ይችላል፤ መጉበጡም በውስጡ በሚደረግ ልኬት ይታወቃል አለ። ስድሳ ዓመት ያህል ይህ ትምህርት የሒሳብ ሊቃውንት ጨዋታ መስሎ ተቀመጠ። አልበርት አይንስታይን በ1907 የስበትን ነገር ማሰላሰል ጀምሮ፣ በ1912 ወደ ዙሪክ በተመለሰ ጊዜ ወዳጁ ማርሴል ግሮስማን ይህን የሪማንን ጂኦሜትሪ አመለከተው። በኅዳር ወር 1915 በበርሊን ያቀረበው አጠቃላይ የአንጻራዊነት ሕግ የተሠራው በዚህ ነው። በዚያ ሕግ መሠረት ማንም ሳይገፋው በነጻ የሚወድቅ ነገር የሚሄድበት መንገድ «ጂኦዴዚክ» ይባላል። ቃሉ ከምድር ልኬት ማለት ከጂኦዴዚ የተወሰደ ነው። ዳባዲ ለመጽሐፉ ርእስ ያደረገው ቃልና የከዋክብትን ጉዞ የሚገዛው ቃል አንድ ሥር አላቸው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ብልህ ተማሪ ሁለተኛውን ጥያቄ ያስከትላል። «መሬት በዙሪያዋ ያለውን ቦታ የምታጎብጠው እጅግ ጥቂት ከሆነ፣ ድንጋይ ከእጄ ስለቀው ይህን ያህል ፈጥኖ የሚወድቀው ስለ ምንድን ነው?» ጥያቄው ትክክል ነው፤ በጨርቅ ላይ ብረት አስቀምጠው የሚያሳዩት የተለመደ ሥዕልም ይህን አይመልስም፤ እንዲያውም ያሳስታል ብንል አልተጋነነም። በመሬት ላይ ለሚወድቅ ድንጋይ ዋናው ነገር የቦታው መጉበጥ ሳይሆን የጊዜው ነው። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰዓት ዝቅ ብሎ ከተቀመጠው ይልቅ ፈጥኖ ይሄዳል። የሰዓቱ መሣሪያ ተበላሽቶ አይደለም፤ ጊዜው ራሱ ነው። ድንጋዩ ወደ ታች የሚያዘነብለው ከዚህ የጊዜ ልዩነት የተነሣ ነው።

ልዩነቱን በአገራችን ምድር ማስላት ይቻላል፤ ስሌቱም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚከብድ አይደለም። የከፍታውን ልዩነት በስበት ፍጥንጥነት አባዝቶ ለብርሃን ፍጥነት ካሬ ማካፈል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከአዳማ ከ600 እስከ 700 ሜትር ከፍ ትላለች። ስለዚህ በአዲስ አበባ የተቀመጠ ሰዓት በአዳማ ከተቀመጠው በዓመት ከ2 ማይክሮ ሰከንድ ጥቂት በለጥ አድርጎ ይቀድማል፤ ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ከራስ ዳሸን ጫፍና ከባሕር ወለል በታች ካለው ከዳሎል ሜዳ ያነጻጸርን እንደ ሆነ ደግሞ ልዩነቱ በዓመት 16 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። የአዳማ ሰው ሰባ ዓመት ኖሮ ከአዲስ አበባው እኩያው የሚያተርፈው ጊዜ የዓይን ጥቅሻ አንድ ሺሕኛ እንኳ በቅጡ አይሞላም። ቢሆንም አለ።

(አንዳንድ ሰዎች የእኛ ሰዓት ከንጋት መቁጠሩን፣ የፈረንጁ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት መቁጠሩን ጠቅሰው፣ «ጊዜ አንጻራዊ መሆኑን እኛ ቀድመን እናውቅ ነበር» ሲሉ ይደመጣሉ። ለጨዋታ ያህል ደኅና ነው። ነገር ግን ያ የአቆጣጠር ልዩነት እንጂ የጊዜ አካሄድ ልዩነት አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንቶቻችንም አበቅቴና መጥቅዕ ሲያወጡ የደከሙት ለቁጥሩ ነው፤ ጊዜ በዝቋላ ራስና በግርጌው እኩል ይሄድ እንደ ሆነ የጠየቀ ከሰው ወገን ከአይንስታይን በፊት አልነበረም።)

ማረጋገጫው በየጊዜው መጣ። በግንቦት 29 ቀን 1919 በተደረገው የፀሓይ ግርዶሽ፣ እንግሊዛውያን ተመልካቾች በብራዚል በሶብራልና በምዕራብ አፍሪካ በፕሪንሲፔ ደሴት ሆነው በፀሓይ አጠገብ የሚያልፈው የከዋክብት ብርሃን መታጠፉን ለኩ፤ ሕጉ የተነበየው 1.75 የዲግሪ ሰከንድ ሲሆን፣ ከሶብራል 1.98፣ ከፕሪንሲፔ 1.61 ተገኘ። በሰኔ 30 ቀን 1973 የሆነው ረጅም ግርዶሽ ጥላው ከሞሪታንያ ተነሥቶ አፍሪካን አቋርጦ በቱርካና ሐይቅ፣ ማለት በዚያው በእኛ ስምጥ ሸለቆ ደቡባዊ ቅጥያ ላይ ሲያልፍ፣ ከቴክሳስ የሄዱ ሊቃውንት በሞሪታንያ በሺንጊቲ ልኬቱን ደገሙት። የጊዜውንም ነገር ፓውንድና ሬብካ የተባሉት ሊቃውንት በ1960 ገደማ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ 22 ሜትር ተኩል በሆነ ግንብ ውስጥ ከታች እስከ ላይ አሳዩት። ዝቋላን የሚያህል ተራራ ሳያስፈልግ፣ አንድ ሕንጻ በቃ።

አሁን ወደ ሸለቆው እንመለስ። የምሥራቅ አፍሪካ ሸለቆዎች ሁሉ የአንድ ታላቅ ስንጥቅ ክፍል መሆናቸውን ኦስትሪያዊው ኤድዋርድ ዙስ በ1891 ጻፈ፤ እንግሊዛዊው ጆን ዋልተር ግሪጎሪም በ1896 ባሳተመው መጽሐፍ «ታላቁ ስምጥ ሸለቆ» የሚለውን ስም አስለመደ። ስንጥቁ የሞተ ጠባሳ ነው ወይስ ገና የሚከፈት ቁስል? ይህን ማንም አያውቅም ነበር። በኅዳር 1957 ይህ ጥያቄ በሚነሣበት አካባቢ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት እየተከበረ ነበር፤ የተጀመረው በሐምሌ 1957 ነው፤ ያለቀውም በታኅሣሥ 1958 ነው። ምክንያቱን አድርጎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ተቋቋመ። ኮሌጁ ራሱ በ1950 የተመሠረተ ነበር። መመልከቻውን ያቋቋሙት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል አባ ፒየር ጉዋን ሲሆኑ፣ ቦታው የተመረጠው አዲስ አበባ በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ስለምትገኝ ነው። መሣሪያዎቹ ግን የምድር መንቀጥቀጥንም ይመዘግቡ ስለ ነበር፣ በ1961 የካራቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን ባፈረሰ ጊዜ ነገሩ በሚገባ ተጠና። አባ ጉዋን በ1979 ያሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የምድር መንቀጥቀጥ ታሪክ እስከ ዛሬ ድረስ መሐንዲሶች የሚያገላብጡት መጽሐፍ ነው።

በዚሁ ዘመን ፖል ሞር የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ በኮሌጁ እያስተማረ ሸለቆውን በእግሩ ዞረ። በሸለቆው ወለል ላይ እንደ ቢላዋ ስንጥቅ ተሰልፈው የሚሄዱትን አዳዲስ ስብራቶች በአንድ ስም ጠራቸው፤ ስሙንም ከወንጂ ወሰደ። የሸንኮራ አገዳውና የስኳር ፋብሪካው ስም የነበረው ወንጂ ከዚያ ወዲህ በዓለም የሥነ ምድር መጻሕፍት ሁሉ «የወንጂ ስብራት መስመር» ተብሎ ይገኛል። የአዳማ ልጆች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ እንዲሰሙት ግን ሊነገራቸው ይገባል።

በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ የአሜሪካ ስሚትሶንያን የሥነ ፈለክ መመልከቻ ሰው ሠራሽ ጨረቃዎችን የሚከታተል ቤከር ነን የተባለ ታላቅ የፎቶግራፍ መሣሪያ ተከለ። ሰው ሠራሽ ጨረቃ በነጻ የምትወድቅ ነገር ናት፤ መንገዷ በትክክል ከታወቀ የምድርን ቅርጽና የስበቷን ልዩ ልዩነት ይገልጻል። ይኸው ድርጅት በ1966 ያወጣው የመሬት ቅርጽ ስሌት የተሠራው በዓለም ዙሪያ ከተተከሉ እንዲህ ካሉ መሣሪያዎች በተገኘ ልኬት ነው። ዳባዲ ከተራራ ወደ ተራራ እያየ የጀመረውን፣ እነዚህ ከምድር ወደ ሰማይ እያዩ ቀጠሉት።

የምንናገርለት ዋናው ሥራ ግን በ1969 ተጀመረ። ሞርና የስሚትሶንያን ባልደረቦቹ በአዳማ አካባቢና ወደ ሐይቆቹ በሚወስደው የሸለቆ ክፍል በጋራዎች ራስ ላይ ምልክት ተክለው፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በብርሃን ለኩ። መሣሪያው ጂኦዲሜትር ይባላል። ይህን መሣሪያ መጀመሪያ የሠራው ስዊድናዊው ኤሪክ በርግስትራንድ ሲሆን፣ የሠራውም የብርሃንን ፍጥነት ለማወቅ ነበር። ርቀቱ ከታወቀ ፍጥነቱ ይገኛል፤ ፍጥነቱ ከታወቀ ደግሞ ርቀቱ ይገኛል። ብርሃን ከአንዱ ጋራ ተነሥቶ በሌላው ጋራ ካለ መስተዋት ተመልሶ የፈጀው ጊዜ ይለካል፤ ርቀት የሚባለው ነገር ጊዜ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። በ1983 ሜትር ራሱ ብርሃን በሰከንድ 1/299,792,458 ውስጥ የሚሄደው ርቀት ነው ተብሎ ሲወሰን የዓለም መንግሥታት ያጸደቁት ይህንኑ ነው።

ሥራው በወረቀት ላይ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የአየሩ ሙቀት በ1 ዲግሪ ብቻ ቢሳሳት በ10 ኪሎ ሜትር ላይ 1 ሴንቲሜትር ያህል ስሕተት ይገባል። የስምጥ ሸለቆን የቀትር ሐሩር፣ ከሜዳው የሚነሣውን አቧራና ከመሬቱ ላይ የሚንቀጠቀጠውን ትኩስ አየር የሚያውቅ ሰው ችግሩን ይረዳዋል። የሚፈለገው እንቅስቃሴ ደግሞ በዓመት በሚሊሜትር የሚቆጠር ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ለክቶ መሄድ ምንም አይጠቅምም። ለክቶ መጠበቅ፣ ተመልሶ መለካት፣ እንደ ገና መጠበቅ ያስፈልጋል። ጠባቂው ደግሞ የአገሩ ሰው ነው።

በመጠበቁ መካከል ብዙ ነገር አለፈ። በ1974 መንግሥት ተለወጠ፤ የውጭ አገር ሊቃውንት ከሞላ ጎደል ሄዱ፤ ጦርነትና ረኀብ ሆነ። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ የቀሩት ኢትዮጵያውያን፣ ከነዚህም ዶክተር ላይከ ማርያም አስፋው፣ መዝገቡ እንዳይቋረጥ አደረጉ። በ1992 እኚሁ ሊቅ ከሮጀር ቢልሃም፣ ከጃክሰንና ከሞር ጋር በታላቁ «ኔቸር» መጽሔት ያወጡት አጭር ጽሑፍ የብዙዎችን ግምት ያስደነገጠ ነበር፤ ርእሱ እንኳ በአፍሪካ ስምጥ ሸለቆ የቅርብ ጊዜ እንቅስቃሴ አለመኖሩን የሚናገር ነው። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ የተደገመው ልኬት ጉልህ መስፋት አላሳየም። ያልጠበቁትን ውጤት ሳይሸሽጉ ማተማቸው በእኛ አስተያየት ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚመሰገነው ነገር ነው።

ሊቃውንቱ ግን በዚህ አልተዉትም። ልኬቱ የሸለቆውን ሙሉ ስፋት ካላካተተ እንቅስቃሴውን በከፊል ብቻ ስለሚያይ፣ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ማስፋፋት አስፈለገ። በ1999 ቢልሃም፣ ሞር፣ ሳምሶን ተስፋዬ፣ ላይከ ማርያም አስፋውና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ከ1969 እስከ 1997 የተሰበሰበውን የብርሃን ልኬትና የሰው ሠራሽ ጨረቃ ልኬት አንድ ላይ አድርገው፣ ሸለቆው በዓመት ወደ 4.5 ሚሊሜትር እንደሚሰፋ አስታወቁ። የሰው ጥፍር በአንድ ወር ከሚያድገው ጥቂት የሚበልጥ ነው። በ28 ዓመት ተደምሮ ስንዝር አይሞላም። ቁስሉ አልደረቀም፤ ይከፈታል።

ይህ ውጤት የተገኘበት አዲሱ መሣሪያ ጂ.ፒ.ኤስ. ነው፤ የአዳማውን ተማሪ ጥያቄ ከአዳማ ጋራዎች ጋር የሚያገናኘውም እርሱ ነው። የጂ.ፒ.ኤስ. ጨረቃዎች ከምድር ገጽ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ሲዞሩ፣ እያንዳንዳቸው እጅግ ትክክለኛ ሰዓት ይዘዋል። በፍጥነታቸው ምክንያት ሰዓታቸው በቀን 7 ማይክሮ ሰከንድ ይዘገያል፤ ከስበት ርቀው ከፍ በማለታቸው ደግሞ 45 ይቀድማል፤ በጠቅላላው በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ይቀድማል ማለት ነው። ብርሃን በዚያ ጊዜ ውስጥ 11 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ከአዳማ ተነሥቶ ወንጂን እንደ ማለፍ ነው። በ1977 ኤን.ቲ.ኤስ.-2 የተባለችው የሙከራ ጨረቃ ወደ ሰማይ በተላከች ጊዜ፣ አንዳንድ መሐንዲሶች ይህን ሁሉ የፈላስፋ ወሬ አድርገው ስለ ተጠራጠሩ፣ ማስተካከያው ሳይከፈት ለ20 ቀን ያህል ተተወ። ሰዓቱም ከአንድ ትሪሊዮን ውስጥ በ442.5 እጅ ቀደመ፤ ሕጉ የተነበየው 446.5 ነበር። ከዚያ በኋላ ማስተካከያው ተከፈተ።

እንግዲህ የጊዜ መጉበጥ በስሌት ውስጥ ባይገባ ኖሮ፣ የአዳማን ሸለቆ 4.5 ሚሊሜትር ከሰማይ ሆኖ ለመለካት ባልተቻለም ነበር። «ምን ይጠቅማል?» ለሚለው የጽሕፈት ቤት ጥያቄ ከዚህ የቀረበ መልስ አናውቅም። በመስከረም 2005 በአፋር በደባሁ ምድር 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት ተሰንጥቆ እስከ 8 ሜትር ሲከፈት፣ ከመስከረም 2024 ጀምሮ ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የቀለጠ ዐለት ከምድር በታች ሲገፋ፣ የሊቃውንቱ ዓይን ይኸው መሣሪያና ከጨረቃ የሚላከው የራዳር ሥዕል ነበር። በ2025 መጀመሪያ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሣ፤ በየካቲት 14 ቀን መጠኑ ወደ 6 የሚደርስ መንቀጥቀጥ መተሐራንና አካባቢውን አናወጠ፤ በአዳማና በአዲስ አበባም ፎቆች ተወዛወዙ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ተቋም ለመንግሥትና ለሕዝብ የሚናገረው ቃል ያረፈው በዚያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በተጠበቀው መዝገብ ላይ ነው።

ስለ ትምህርቱ ጥቂት እንበል። በአዳማ በ1993 የቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ተቋም በ2011 የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ፊዚክስም ይሰጥበታል። ፓኪስታናዊው አብዱስ ሰላም በ1964 በጣልያን በትሪየስተ የከፈቱት የንድፈ ሐሳባዊ ፊዚክስ ማዕከል ከድኻ አገሮች ለሚመጡ ሊቃውንት በር ስለ ሆነ፣ ከአገራችንም ብዙዎች ተጠቅመውበታል። ነገር ግን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስለ ጎበጠ ጊዜ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ላንብብ ቢል የሚያገኘው እጅግ ጥቂት ነው። በቃላቱ እንኳ አልተስማማንም፤ አንዱ «ሕዋ»፣ ሌላው «ጠፈር»፣ ሌላው «ቦታ» ይላል። ለዚህ ጸሐፊ «ቦታ» ይሻለዋል፤ ሕዋና ጠፈር ወደ ሰማይ ያንጋጥጣሉ፤ ነገሩ ግን በወንጂ የአገዳ እርሻ ውስጥም አለ። ቃሉን የሚወስኑት ሊቃውንት እስኪስማሙ ድረስ መምህሩ በሰሌዳው ላይ ሦስት ማዕዘን ስሎ፣ ማዕዘኖቹን በቦሰት፣ በዝቋላና በጭላሎ ተራሮች ስም ቢጠራቸው፣ ተማሪው ነገሩን ከጨርቅና ከብረት ኳስ ይልቅ ፈጥኖ ይይዘዋል።

የመለኪያው ነገር ገና አላለቀም። በ2010 በአሜሪካ አገር ሁለት እጅግ ትክክለኛ ሰዓቶች አንዱን ከሌላው በአንድ ሦስተኛ ሜትር ብቻ ከፍ አድርገው፣ ከፍ ያለው መቅደሙን አዩ። በ2022 ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ በተያዙ አቶሞች መካከል የ1 ሚሊሜትር ከፍታ የሚያመጣው የጊዜ ልዩነት ተለካ። ከእንግዲህ ወዲህ ሰዓት የከፍታ መለኪያ ሊሆን ነው፤ የምድር ልኬት ሊቃውንትም በዚህ ላይ እየሠሩ ናቸው። በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ያለው የአሉቶ እሳተ ገሞራ፣ የእንፋሎት ኃይል የሚመነጭበት፣ በ2004 እና በ2008 ወለሉ እስከ 15 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ላይ ተነፍቶ ቀስ በቀስ ተመልሶ መውረዱን የራዳር ሥዕል አሳይቷል። ያን ጊዜ በራሱ ላይ እንዲህ ያለ ሰዓት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ በከፍታው እስከ ቆየ ድረስ በዓመት ግማሽ ቢሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ይቀድም ነበር።